ብርዙ ለምን ይቆጣል?

ኢድ ነበር። ጅማ፣ ቆጪ ያለው የእናቴ ግቢ በእንግዳ ሞልቷል። ሰማዩ ዳምኗል፣ ሸራ ተወጥሯል፣ እኔ ደግሞ ፍሪጁ አጠገብ ቆሜ እቀዳለሁ። ቧንቧውን ስከፍተው ፍሽሽ ይልና ብርጭቆው በነጭ አረፋ ይሞላል። አረፋው እስኪወርድ ጠብቄ ሳየው ከታች የቀረው መጠጥ ሁለት ጣት አይሞላም። እጨምርበታለሁ፣ እንደገና አረፋ። ለስድስት ሰው ቀድቼ ለማድረስ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ የደረሰውም ጋዙ ወጥቶ ያለቀ፣ ለብ ያለ ነገር ነበር።

አክስቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች። የብረቱን በርሜል አየች፣ ቧንቧውን አየች፣ አረፋውን አየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ድራፍት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ ወላሂ ብርዝ ነው አክስቴ። የእማዬ ብርዝ ነው።»

ተጎነጨች። ትንሽ ቆየችና «እውነትሽን ነው፣ ጣዕሙ የእሷ ነው» አለች። «ግን ለምንድነው እንዲህ የሚቆጣው?»

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ፤ ለማግኘት ግን አንድ ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል። ቤቱ ለስላሳ ሠርቶ በኬግ፣ ማለትም በዚያ በብረቱ በርሜል፣ ለመቅዳት የሚታገል ሌላ ሰው ካለ ያንን ዓመት ደግሞ እንዳይለፋበት ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ መጠጡ። እናቴ የጌራ ጫካ ማር ታስመጣለች። ለብ ባለ ውሃ ትበጠብጠዋለች፣ ሰሙንና እድፉን ታጠልላለች፣ ዝንጅብል ወቅጣ ትጨምራለች፣ መጨረሻ ላይ ኮረሪማ ፈልቅቃ ደቁሳ ጣል ታደርግበታለች። አድሮ ጠዋት ይጠጣል። አልኮል የለውም፣ እንዲኖረውም አንፈልግም፤ እኛ ቤት ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማየው አንድ ነገር ያሳዝነኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ አንዱ ልጅ ሱቅ ይላክና አንድ ካሳ ለስላሳ ይመጣል፣ ወጣቱ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፣ ብርዙ ለሽማግሌዎች ይቀራል። ስንት ሰዓት የተደከመበት፣ ማሩ በውድ የተገዛ መጠጥ ጥግ ላይ በጆግ ቁጭ ብሎ ይውላል። ጋዝ ቢኖረውስ? ቀዝቅዞ፣ እየተፍለቀለቀ፣ ከጠርሙሱ ጎን ቢቆምስ? ሐሳቡ ይኼ ብቻ ነበር።

ኬጉን ከውጭ የመጣ የአጎቴ ልጅ ነው ያመጣልኝ። 19 ሊትር የሚይዝ ቀጠን ያለ የማይዝግ ብረት በርሜል ነው፣ ኮርኒ ኬግ ይሉታል። ከላይ ሁለት መሰኪያ አለው። በአንዱ ከሲሊንደር የሚመጣ ጋዝ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ይገባል፣ በሌላው ደግሞ እስከ ታች ድረስ በሚወርድ ረጅም ቱቦ መጠጡ ይወጣል። አክስቴ ድራፍት መስሏት መደንገጧ አይገርምም፣ የሚያየው ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ይኼ ኬግ መጀመሪያ የተሠራው ለለስላሳ ነበር። በአሜሪካ ትልልቆቹ የለስላሳ ኩባንያዎች መጠጣቸውን በእሱ እየሞሉ ለምግብ ቤቶች ያድሉ ነበር፣ በኋላ በካርቶን ውስጥ የሚገባ የሽሮፕ ከረጢት ሲመጣ ተዉት፣ ያገለገለውን ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ሰበሰቡት። ይኼን ለአክስቴ ስነግራት ደስ አላት።

አሁን ወደ አረፋው።

ያን ዕለት ማታ እንግዳ ከሄደ በኋላ ያደረግኩት ነገር ማንም የሚያደርገው ነው፦ ግፊቱን ቀነስኩት። መጠጡ በኃይል እየወጣ ነው፣ ስለዚህ ኃይሉን ልቀንስ። ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ 25 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ላይ ነበር፣ 10 ላይ አወረድኩት። በነጋታው አረፋው ባሰበት። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ቀነሰ። በአምስተኛው ቀን አረፋ የለም፣ ደስ አለኝ፣ ቀመስኩት፣ ጋዙም ላልቷል። ለስላሳ ለስላሳ አይልም።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ ለመረዳት አምቦ ውሃን አስቡ። ከፍሪጅ የወጣ አምቦ ስትከፍቱት ትንፍሽ ብሎ ዝም ይላል። ፀሐይ ላይ የዋለ፣ በባጃጅ ሲንገጫገጭ የመጣ አምቦ ስትከፍቱ ደግሞ ልብስ ያበላሻል። ሁለቱም ጠርሙስ ውስጥ ያለው ጋዝ ያው ነው። ልዩነቱ ውሃው ጋዙን ምን ያህል አጥብቆ ይዞታል የሚለው ላይ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ አጥብቆ ይይዛል፣ ሙቅ ውሃ ይለቃል። ሁለተኛው ነገር ግፊት ነው። ዊሊያም ሄንሪ የሚባል እንግሊዛዊ በ1803 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ ከላይ በሚጫነው ግፊት ልክ ነው። ግፊቱ ሲወርድ ጋዙ ይወጣል፣ ሌላ ምርጫ የለውም።

እንግዲህ እኔ ምን አደረግኩ? ለ25 የሚሆን ጋዝ የጠገበ መጠጥ 10 ስር አስቀመጥኩት። ትርፉ ጋዝ መውጣት ጀመረ። ከፊሉ ወደ ኬጉ ባዶ ቦታ ወጣ፣ ከፊሉ ግን ከኬጉ ወደ ቧንቧው በሚወስደው ጎማ ውስጥ አረፋ ሆኖ ተሰበሰበ። ጎማው ውስጥ የተሰበሰበ አረፋ ደግሞ ቧንቧው ጋ ሲደርስ ሌላውን መጠጥ ይረብሸዋል። መጀመሪያ የባሰበት ለዚህ ነው። በኋላ የጠፋው ደግሞ የሚወጣ ጋዝ ስላለቀ ነው። ግፊት መቀነስ አረፋን የሚያጠፋው ለስላሳውን በመግደል ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይኼን ያዙ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ጋ ነው።

ለስላሳ ከድራፍት የሚለየው ነገር አለ። አንድ ሊትር ቢራ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ጋዝ ሟሙቶ ይገኛል። ለስላሳ ከሦስት ሊትር ተኩል እስከ አራት ሊትር ይፈልጋል፣ ምላስ ላይ የሚቆነጥጠው ያ ነው። ስለዚህ የለስላሳ ኬግ ሁልጊዜ ከቢራ ኬግ በላይ ግፊት ይፈልጋል፣ ለድራፍት የተሠራ ዕቃም እንዳለ አይሆንለትም። እኔ ይኼን ያወቅኩት ከድራፍት ሰው ነው።

ከተማው ውስጥ ያሉ ድራፍት ቤቶች ማሽናቸው ሲበላሽ የሚጠሩት ቴክኒሻን ነው። በሰው በሰው አገኘሁትና ቤት መጣ። እናቴ ቡና አፈላች። እኔ ስለ ጌጁ ላብራራለት ስጀምር አቋረጠኝ።

«እህቴ፣ ጌጁን ተይው። ጎማሽን አሳዪኝ።»

አሳየሁት። ከዕቃ መሸጫ የገዛሁት ግልጽ ጎማ ነው፣ የውስጥ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል። በሁለት ጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

«በዚህማ ጀሪካን ነው የሚሞላበት» አለ። «ይኼ መጠጥ 25 ተሸክሞ ከበርሜሉ ይወጣል። ብርጭቆው ጋ ሲደርስ ባዶ እጁን መሆን አለበት። ሸክሙን የት ያራግፈው? መንገድ አልሰጠሽውም። በር ላይ በአንዴ ነው የሚጥለው።»

ይኼ አነጋገር ነው ሁሉንም ነገር ያስገባልኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የመጣ ሰው የጊቤን ቁልቁለት ያውቀዋል። ሾፌሩ ዝም ብሎ ቀጥታ አይወርድም፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ፣ እየረዘመ፣ ቀስ አድርጎ ያወርዳችኋል። ጎማውም እንደዚያ ነው። መጠጡ ጠባብና ረጅም ጎማ ውስጥ ሲሄድ ከግድግዳው ጋር እየታሸ ግፊቱን በየሜትሩ ትንሽ ትንሽ ይጥላል፣ ቧንቧው ጋ ሲደርስ የቀረው ትንሽ ነው፣ በእርጋታ ይወጣል። ጎማው ሰፊና አጭር ከሆነ ግፊቱ ሁሉ የሚወርደው ቧንቧው አፍ ላይ ነው። ጋዙም እዚያው ይፈነዳል። ብርጭቆው ውስጥ የምናየው አረፋ እሱ ነው።

ስፋቱ ደግሞ ከርዝመቱ በላይ ለውጥ ያመጣል። ከ8 ሚሊ ወደ 5 ሚሊ መውረድ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ለመጠጡ ፍጹም ሌላ መንገድ ነው። ቢራ በ12 ፒኤስአይ የሚቀዱ ሰዎች 5 ሚሊ የሚሆን ጎማ 3 ሜትር ያህል ይጠቀማሉ። ለለስላሳ በ25 ስትቀዱ ከ7 እስከ 8 ሜትር ያስፈልጋችኋል። አዎ፣ 8 ሜትር። እኔም መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። ጠቅልላችሁ ኬጉ አናት ላይ፣ ፍሪጁ ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ።

ለምግብ የሚሆን ጎማ ፈልጉ። የአትክልት ማጠጫ ወይም የነዳጅ ጎማ ብርዙ ላይ ሽታውን ይተውበታል፣ ለጤናም አይሆንም። ስትጀምሩ አስረዝማችሁ ጀምሩ። በጣም ቀስ ብሎ ከቀዳ 30 ሳንቲ ሜትር እየቆረጣችሁ ሞክሩ። የተቆረጠ አይቀጠልም፣ ስለዚህ አትቸኩሉ። እኔ ከ8 ሜትር ጀምሬ 7 ሜትር ከምናምን ላይ ነው ያቆምኩት። መለኪያዬ ቀላል ነው፦ ሩብ ሊትር ብርጭቆ ለመሙላት 8 ሰከንድ ያህል ከወሰደ ልክ ነው። በሦስት ሰከንድ ከሞላ ጎማው አጥሯል።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ መቼም አልረሳውም። ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ከፈትኩት። ድምፅ የለም። መጠጡ እንደሚፈተል ክር ወጥ ሆኖ ወረደ፣ በብርጭቆው ጎን ተንሸራቶ ከታች ተጠራቀመ። ቀለሙ የቀጭን ሻይ ቢጫ ነው። ከሥሩ ጥቃቅን አረፋዎች መስመር ሠርተው ይወጣሉ፣ ላዩ ላይ የቆመው አንድ ጣት አይሞላም። አፍንጫዬን ሳስጠጋው ኮረሪማው ከጋዙ ጋር ወጥቶ ይነካል። እናቴ ከእጄ ተቀብላ ጠጣችና ዓይኗን ጨፈን አደረገች። የሚቆነጥጠው ነገር አልለመደችም። ከዚያ ብርጭቆውን ሳትመልስልኝ ወጣች።

ጎማው ትልቁን ነገር ፈታው። ግን ገና አልጨረስኩም ነበር።

ግፊት ስንት ይሁን የሚለውን የሚነግሩ ሰንጠረዦች አሉ። ሙቀቱን ታያላችሁ፣ የምትፈልጉትን የጋዝ መጠን ታያላችሁ፣ ቁጥሩን ይሰጣችኋል። በ4 ዲግሪ ሦስት ተኩል እጥፍ ጋዝ ለማግኘት 22 ወይም 23 ፒኤስአይ ይላል። እኔ ያንን ሳደርግ መጠጡ ሁልጊዜ ትንሽ ይላላብኝ ነበር። ምክንያቱ ሰንጠረዡ የተሠራው ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው መሆኑ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1700 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፣ እዚህ የሚጫነን አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ማመን የሚፈልግ ሰው ከአዲስ አበባ ሲነሳ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቆ ይዝጋና ጊቤ ሲደርስ ይየው፣ ጎኑ ገብቶ ያገኘዋል። ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ቀላል ነው፣ ዝቅ ሲባል ይከብዳል።

ጌጁ የሚያነበው በኬጉ ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የውጭው ሲቀል ጌጁ ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ብታዩም ውስጥ ያለው እውነተኛ ግፊት ያነሰ ነው። ስለዚህ ጅማ ላይ ሰንጠረዡ ከሚለው ላይ ወደ 3 ፒኤስአይ ጨምሩ። እኔን ወደ 25 የመለሰኝ ያ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከዚህም ትንሽ ይጨምራል። በተጨማሪ መጠጡ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ የሚጫነው አየር ቀላል ስለሆነ አረፋ መሥራት ይቀለዋል፣ ማለትም እኛ ባሕር ዳርቻ ላይ ካሉ ሰዎች ይልቅ ጎማው ላይ መጠንቀቅ አለብን።

ሙቀት ደግሞ አለ። አንድ ሰሞን የመጀመሪያው ብርጭቆ አረፋ፣ ሁለተኛው ግማሽ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ጥሩ ይሆንብኝ ነበር። ቴርሞሜትር ከተትኩበት። የመጀመሪያው 13 ዲግሪ፣ ሦስተኛው 5 ዲግሪ። ኬጉ ቀዝቃዛ ነው፣ ቧንቧው ግን ፍሪጁ በር ላይ ውጭ ተሰክቶ፣ ወደሱ የሚሄደው የጎማው ጫፍም በሩ ጋ ሞቅ ብሎ ነበር የሚያድረው። እዚያ የቆመችው ትንሽ መጠጥ ትሞቅና ጋዟን ትለቃለች፣ ቧንቧው ብረቱ ራሱ ሙቅ ስለሆነ የሚከተለውንም ያስቆጣል። ጎማውን እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ አስገባሁት። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ትንሽ ቀድቼ ቧንቧውን አቀዘቅዛለሁ። ይኼው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

መብራት ሲጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኬጉ ከ4 ዲግሪ ወደ 22 ዲግሪ ከወጣ ያንኑ ጋዝ ይዞ ለመቆየት እጥፍ ያህል ግፊት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ውስጡ ያለው ግፊት እየወጣ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት መቅዳት አረፋ መቅዳት ነው። መብራት ሲመጣም ቶሎ አትቅዱ። ፍሪጁ በሁለት ሰዓት አየሩን ያቀዘቅዛል፣ 17 ሊትር መጠጥ ግን ቀን ከሌሊት ሊፈልግ ይችላል።

አንድ ቀን ይኼ ከአረፋ በላይ ሆነብኝ። ክረምት ነበር። ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ቆየ። ስመለስ መብራቱ መጥቶ ኬጉም ቀዝቅዟል፣ ሲሊንደሩ እንደዘጋሁት ነው፣ ኬጉ ላይ ትንሿን ጌጅ ስሰካ ግን 40 አለፈ። ሙቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሶ ሲቀዘቅዝ 25 ላይ መመለስ ነበረበት። ቀዝቅዞም ከነበረበት በላይ ከቆመ ውስጡ ጋዝ የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው። ቀዳሁት፣ አረፋው ደቃቅና የሚቆይ ነበር፣ ቶሎ አይወርድም። ሸተትኩት። ጠጅ ጠጅ ይላል።

ጥሬ ማር ውስጥ እርሾ አለ። ማሩ ወፍራም ሆኖ ሳለ እርሾው ምንም ማድረግ አይችልም፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲሞቅ ግን ይነቃል፣ ስኳሩን እየበላ አልኮልና ጋዝ ይሠራል። ይኼን የማያውቅ አበሻ የለም፣ ጠጅ የሚጣለው እንደዚያ ነው። እኔ ግን የብረት በርሜል ውስጥ ሲሆን ረስቼው ነበር። እናቴ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ አስቀመጠች። «ይደፋ» አለች። ከጓሮ ሙዝ እግር ሥር 17 ሊትር ደፋነው። ሁለት ኪሎ የጌራ ማር። ስንደፋው አንዳችንም አልተናገርንም። ለእሷ ማሩ ነበር፣ ለእኔ ደግሞ አክስቴ ያን ቀን የጠየቀችኝ ጥያቄ ነበር፤ «ድራፍት ነው እንዴ?» ስትለኝ ወላሂ ብዬ ነበር የመለስኩላት።

ከዚያ ወዲህ የማሩን ውሃ 70 ዲግሪ ድረስ አሙቄ ጥቂት ደቂቃ አቆየዋለሁ። ዝንጅብሉና ኮረሪማውም ትኩሱ ላይ ይገባሉ። ከዚያ ቶሎ አቀዝቅዤ በደንብ በታጠበ ኬግ ውስጥ እከተዋለሁ። እናቴ መዓዛው ቀንሷል ብላ ኮረሪማውን እጥፍ አደረገችው፣ እኔም ተስማማሁ። በሳምንት ውስጥ ይጠጣል። መብራት ከአንድ ቀን በላይ ከጠፋ ሳልለካና ሳልቀምስ ለማንም አልሰጥም። አረፋ ሁሉ አንድ አይደለምና፣ ይኼኛውን ለይታችሁ እወቁ።

ትንንሾቹን ነገሮች በፍጥነት ልናገር። ጎማው ግልጽ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ሲቀዳ ማየት ትችላላችሁ። ብርጭቆውን ትታችሁ ጎማውን እዩ። አረፋው ልክ ኬጉ ላይ ከተሰካበት ቦታ ጀምሮ የሚመጣ ከሆነ መሰኪያው ውስጥ ያለችው ኦሪንግ (ክብ የላስቲክ ማሸጊያ) አርጅታለች ወይም በረጅሙ ቱቦ አንገት ላይ ያለችው ተሰንጥቃለች፤ ጋዙ በዚያ ሾልኮ ወደ መጠጡ ይገባል። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ሲገጥመኝ ኦሪንጓን አውጥቼ በጥፍሬ ወጠር ሳደርጋት ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁባት። ቀየርኳት፣ አለቀ። አረፋው መሃል መንገድ ላይ ወይም ቧንቧው አጠገብ የሚጀምር ከሆነ ሙቀት ነው። ጎማው ውስጥ ምንም ሳይታይ ብርጭቆው ውስጥ ብቻ የሚፈላ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ ወይም ብርጭቆው ነው።

ዝንጅብል ቃጫ አለው። ቃጫውና የኮረሪማው ደቃቅ ፍርፋሪ መጠጡ ውስጥ ሲንሳፈፍ ጋዙ ተጠግቶት አረፋ ይሆናል፣ የኬጉን መሰኪያም ይዘጋል። በወንፊት አይበቃም። በንጹሕ ሻሽ ሁለት ጊዜ አጠልሉት፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና ከላይ የጠራውን ብቻ ቅዱ። ብርጭቆም እንዲሁ ነው። በፎጣ የተወለወለ ደረቅ ብርጭቆ ክር ይቀርበታል፣ እያንዳንዷ ክር አረፋ ትጠራለች። ከመቅዳታችሁ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጉት፣ ርጥብ እንዳለ ቅዱበት። በረዶ ላይ አትቅዱ፣ በረዶ የሚፈልግ ሰው ከተቀዳለት በኋላ ቀስ ብሎ ይጨምር። ቧንቧውንም አረፋ ፈርታችሁ ግማሽ አትክፈቱት። ጠባብ ቀዳዳ መጠጡን ያስጮኸዋል። ሙሉ ክፈቱ፣ ብርጭቆውን አዘንብሉ፣ ሙሉ ዝጉ።

ጋዙን ለማስገባት ኬጉን የሚንጡ አሉ። ይሠራል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን የተናጠ ኬግ በዚያው ቀን አይቀዳም፣ ቢያንስ አንድ ቀን ዝም ብሎ ይረፍ። አሁን ቅዳሜ እሞላለሁ፣ በ25 ላይ ፍሪጅ ውስጥ ትቼው በሚቀጥለው ቅዳሜ እቀዳለሁ። ሳይናጥ የገባ ጋዝ ለእኔ ሁልጊዜ ጸጥ ያለ ነው።

ስለ ጋዙ ራሱ ሳልናገር አላልፍም። ለምግብ የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን ሳትጠይቁ አትግዙ፣ ሻጩ በትክክል ካልመለሰላችሁ ተዉት። ሲሊንደሩ በክፍል ሙቀት 57 ባር ያህል ይይዛል፣ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ የሚያሳልፈው ሬጉሌተር ከሌለ በፍጹም ከኬግ ጋር አይገናኝም። እንዳይወድቅ ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ሾልኮ ዝቅ ባለና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከተጠራቀመ ሰው ያፍናል። የኛ ፍሪጅ መስኮቱ በማይዘጋ ክፍል ውስጥ ነው ያለው፣ ማታ ማታ ዋናውን እዘጋለሁ። ልጆች ባሉበት ቤት ይኼ ከአረፋው ይቀድማል።

ነገሮችን ስትሞክሩ ደግሞ አንድ በአንድ። እኔ መጀመሪያ አካባቢ በአንድ ቀን ጎማ ቀይሬ፣ ግፊት ነክቼ፣ ብርጭቆ ቀይሬ የትኛው እንደሠራ ሳላውቅ ቀርቻለሁ። አሁን ደብተር አለኝ። ቀኑ፣ ሙቀቱ፣ ጌጁ፣ የጎማው ርዝመት፣ አረፋው ስንት ጣት። እናቴም አንዳንዴ ትጽፍበታለች። የእሷ መስመር ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ «ኮረሪማ አንሷል» ነው።

ዘንድሮ ኢድ ላይ ሁለት ኬግ አዘጋጀሁ። ቧንቧውን ከጠዋቱ አቀዘቀዝኩት። ብርጭቆዎቹን በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ደረደርኳቸው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ሁላችንም ተያየን፣ ግን ኬጎቹ በደንብ ቀዝቅዘው ስለነበር የፍሪጁን በር ሳንከፍት እስከ ማታ ቀዳን። ለስላሳ የሚያመጣ ልጅ ሱቅ አልተላከም። አክስቴ ስትመጣ እኔ ከመቅዳቴ በፊት ብርጭቆውን ከባልዲው ራሷ አወጣች፣ አዘነበለችው፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ስምንት ሰከንድ ያህል። አረፋው አንድ ጣት።

«ዛሬ ታርቋል» አለችና ለጎረቤቷ ሁለተኛ ብርጭቆ አነሳች።